ካርትሪጅ በመርፌ መሙላት ወይስ ባለ ታንክ ፕሪንተር?

ወጪ፦ ካርትሪጁን (ፕሪንተሩ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ የቀለም መያዣ) ለመሙላት መርፌና የጠርሙስ ቀለም ይበቃል። ባለ ታንኩ (ቀለም ከጠርሙስ በቀጥታ የሚሞላበት ፕሪንተር) ሲገዛ ይወደዳል፤ ብዙ ለሚያትም ግን በቀለሙ ያካክሳል።

አሞላል፦ ታንኩ ቀላል ነው፤ እስከ ላይኛው መስመር መሙላት ብቻ። ካርትሪጁ ትዕግሥት ይጠይቃል። መርፌው ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ቀለሙ በዝግታ ይገፋል፤ ከተቸኮለ አየር ይታመቅና ፎቶው ላይ ነጭ ሰረዝ ይወጣል። ሲበዛ ደግሞ ከሥር ይንጠባጠባል። ካርትሪጁ ሞልቶም ቺፑ (የቀለሙን መጠን የሚከታተለው ክፍል) «ባዶ ነው» ሊል ይችላል።

ስጋት፦ ሁለቱም ሥራ ሲፈቱ ይደርቃሉ፤ በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ያትሙ። ማተሚያ ሄዱ (ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨው ክፍል) ካርትሪጁ ላይ ከሆነ፣ ሲደፈን ካርትሪጁን መቀየር ነው። የባለ ታንኩን ሄድ መቀየር ግን ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ደጋግሞ ማጽዳትም (ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው) የትርፍ ቀለም መምጠጫውን ቶሎ ይሞላል።

በወር ጥቂት ፎቶ ለሚያወጣ ካርትሪጁ፣ በየቀኑ ለሚያትም ታንኩ ያዋጣል።