2020 ወይስ 2021? ከፈረንሳይ ዘመድ ለሚመጣላችሁ

እህቴ ፈረንሳይ ስለምትኖር ብቻ ኮምቦልቻ ውስጥ የነጭ ወይን አዋቂ ተብዬ ቀርቻለሁ። ዘመድ የሚመጣለት ሁሉ ይደውልልኛል። «ያንን ባዮዳይናሚክ የሚሉትን ሻርዶኔ ላስመጣ ነበር፤ የስንት ዓመቱን ልበላት?» ሻርዶኔ የነጭ ወይን ዘር ነው፤ ባዮዳይናሚክ ደግሞ ያለ ፋብሪካ ኬሚካል የሚታረስበት መንገድ። መልሴ አንድ ነው። ከቡርጎኝ፣ ከፈረንሳዩ የወይን አገር፣ ከሆነ የ2020ውን። የ2021ውን ተዉት። ዓመቱ ፍሬው የተለቀመበት ነው፣ በፈረንጆቹ ታዲያ፤ አንዱ ጓደኛዬ «2020 መች ገባና!» ብሎኝ ያውቃል።

ከዋጋው ልጀምር። እህቴ የአንድ ገበሬን ወይን የሁለቱንም ዓመት ገዝታ መጣች። የ2020ው 24 ዩሮ፣ የ2021ው 31። ማሳው ያው፣ ጠርሙሱ ያው፣ ቡሹ ያው። ሰባት ዩሮዋ በብር ስትመነዘር እዚህ አንድ ዶሮ ትገዛለች። የተወደደው ቢበልጥ ነው ብላ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። በ2021 ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ቡርጎኝን ውርጭ መታው። ሻርዶኔ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ለጋው እምቡጥ ተለበለበ። በጋቸውም ዝናብ ሆነ፣ ሻጋታ ተከተለ። ወይኑ ጥቂት ሲሆን ዋጋው ወጣ። ሰባት ዩሮዋን የከፈልነው ለውርጩ ነው።

2020 ግን ከጸደዩ ጀምሮ ሞቃትና ደረቅ ነበር። ብዙዎቹ ለቀማ የገቡት ገና በኦገስት ነው። ይህ ደግሞ ለባዮዳይናሚክ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። አስተራረሱ ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ሽታይነር በ1924 ካስተማረው የመጣ ነው። የላም ቀንድ ውስጥ እበት ጠቅጥቀው ብርዱን ወራት ይቀብሩታል፤ ከዚያ በውሃ በጥብጠው ማሳው ላይ ይረጩታል። እናቴ ስትሰማ «ለእበት ደግሞ ቀንድ ምን አስፈለገው?» አለች። እሱን ለእነሱ እንተወው። ለገዢ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ የፋብሪካ ማዳበሪያና ፀረ ሻጋታ ኬሚካል አይነኩም። ዝናብ ሲበዛ ለሻጋታው እጃቸው ላይ ያለው መዳብና ድኝ ነው። ዝናቡ ያጥበዋል፣ እንደገና ይረጫሉ፣ እንደገና ያጥበዋል። ዓመቱ ሲደርቅ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀንሳል። ዘለላው ንጹሕ ሆኖ ይለቀማል።

ሙቀቱም ዕዳ አለው። ፍሬው ያንሳል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ስኳሩ ይወጣል። ስኳሩ ሲፈላ አልኮል ነው። የጥሬ ፖም ጎምዛዛነት የሚሰጠው ማሊክ አሲድ ደግሞ በሙቀት ያልቃል። ለዚህ ነው የሙቅ ዓመት ሻርዶኔ ሎሚ ሎሚ ማለቱን ትቶ ኮክ፣ አንዳንዴም አናናስ የሚሸተው። ጎበዝ ገበሬ በእንዲህ ያለ ዓመት ቅጠሉን አይመለምልም፤ ለፍሬው ጥላ ይተውለታል። ብርሃን እንዲያግዝ የሚረጩት የኳርትዝ ድንጋይ ዱቄትም አለ፤ እሱንም ይቀንሳል። ፀሐይ በሞላበት ምን ይሠራል? ሁሉም ሙቅ ዓመት ግን 2020 አይደለም። እንደ 2003 እሳት የወረደበት ዓመት ወይኑ አሲዱ ጠፍቶ ስብ ስብ የሚል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በርካሽ ቢሰጧችሁም እለፉት።

ሁለቱን ጠርሙስ በአንድ ምሳ ከፈትናቸው። ከሐይቅ የመጣ ዓሳ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። የ2021ው ሲቀዳ ሎሚ በሎሚ ሆነ። የ2020ው ግን ከዘይቱ ጋር ተስማምቶ ወረደ፤ አሲዱም አልጠፋም። ቀጭንና ስል ወይን የሚወዱ ሰዎች 2021ን ያደንቃሉ። ያድንቁ፣ ይክፈሉም። ዶሮ ወጥ ላይ ግን 2020ንም አትሞክሩት። አልኮሉ ከበርበሬው ጋር ተባብሮ አፍ ያነዳል።

«እዚሁ ገዝቼስ?» ለምትሉ፣ ለዘወትር የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ይበቃችኋል። ከውጭ የገባውን ስትገዙ ግን ቡሹን እዩ። ባለፈው ዓመት እህቴ ሳትመጣ ቀረችና ከአንድ ሱቅ የፈረንሳይ ሻርዶኔ ገዛሁ። መስኮት ዳር፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የከረመ። ቡሹ ከአፉ ከፍ ብሎ ማሸጊያውን ገፍቶታል። አንገቱ ላይ ጣት የሚይዝ የደረቀ ፈሳሽ ነበረ። አይቼዋለሁ፤ ዋጋ ስከራከር ረሳሁት። 3,800 አለኝ፣ 3,500 አስገባሁት፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤት ስቀዳው መልኩ ጠጅ፣ ሽታው የበሰበሰ ፖም። ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ «ነጭ ወይን ሲያረጅ እንዲህ ነው» አለኝ። ውሸት ነው። ሙቀት ሲመታው ወይኑ ያብጥና ቡሹን ያነሳዋል።

ሌላ ማታለያም አለ። ጨረቃና ቀንድ የተሳለበት ሁሉ ባዮዳይናሚክ አይደለም። ዲሜተር ወይም ቢዮዲቫን የሚል የማረጋገጫ ምልክት ጀርባው ላይ ፈልጉ። ከሌለ ለሥዕሉ ተጨማሪ አትክፈሉ።

የሙቅ ዓመት ወይን ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲደገምበት አይችልም። እኔ የማስቀምጠው ደሴ፣ አክስቴ ቤት፣ አልጋ ሥር አጋድሜ ነው። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ሹራብ የሚፈልገው በከንቱ አይደለም። አክስቴ አትጠጣም፤ ቤት በጠረገች ቁጥር ግን «ይሄ ዕቃህ መቼ ነው የሚነሳው?» ትላለች። ሁለት የ2020 ጠርሙስ ቀርተውኛል። አትደውሉ፣ አልሸጥም።