አሮጌ ሃይሉክስ ላይ የትኛው ማሻሻያ ገንዘቡን ያወጣል? ንጽጽር

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታና ዱከም አካባቢ ብሎኬት፣ ድርቆሽና ጤፍ የሚያመላልስ አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ትልቅ ጎማ ወይም ጉልበተኛ ሞተር ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እንላለን፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ራዲያተር፣ ከዚያ መብራት፣ ሞተር በመጨረሻ። ይህ ንጽጽር ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ለተመረተው፣ 2ኤል ናፍጣ ሞተር ላለው፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ (በተደራረበ ጎባጣ የብረት ሞላ) ለቆመው ፎርዊል ሃይሉክስ ነው።

ባሌስትራና ፍሬን፦ አንድ ባሌስትራ መጨመር ወይስ ሙሉውን መቀየር?

አንድ መጨመር በጣም ርካሹ መንገድ ነው፤ የሚሠራው ግን ነባሮቹ ጉብጠታቸውን ካልለቀቁ ብቻ ነው። መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁሙና ከጎን እዩት። ዋናው ባሌስትራ ቀጥ ብሎ ከተኛ ወይም ወደ ላይ ከተቀለበሰ፣ አዲስ የሚገባው ብቻውን ጉብጠት ስላለው ጭነቱን ሁሉ እሱ ይሸከምና በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰበራል። በየቀኑ 10 ኩንታል ማለትም 1 ቶን የሚጭን ሰው ሙሉውን ይቀይር። በሳምንት አንዴ ሁለቴ የሚጭን ሰው አንድ ቢጨምር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲጨመር ባዶ መኪና ኮረኮንች ላይ ኋላው እየዘለለ መንገዱን ይለቃል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ከኋላ አክሱል ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ የፍሬን ዘይት ግፊትን የሚያከፋፍል ቫልቭ ይገኛል። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላው ከፍ ካለ ግን ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ያኔ የተጫነ መኪና በአብዛኛው በፊት ፍሬን ይቆማል፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ የፊቱ ሸራ ይግላል፣ ፔዳሉም ይላላል። ስለዚህ የትኛውንም ምርጫ ብትወስዱ የዘንጉ ርዝመት እንደገና ካልተስተካከለ ከጋራዡ አትውጡ። ባሌስትራውን ከአክሱሉ ጋር የሚያስሩት ዩ-ቦልቶችም አዲስ ይሁኑ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ይጠበቁ። ሲላሉ የመሃሉ ብሎን ይቆረጣል፣ አክሱሉም ከቦታው ይሸሻል።

ለፍሬኑ ራሱ ትልልቅ ዲስክ ከመፈለግ በፊት ዘይቱንና የጎማ ቱቦዎቹን ቀይሩ። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ ማስቀየር ይበቃል፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

ራዲያተር፦ ማስጠረግ ወይስ አዲስ?

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ይህንን ወደ 114 ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ዳገት ላይ ለሚሞቅ መኪና መጀመሪያ የሚገዛው ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ሌላው ጥገና ሁሉ ከንቱ ነው።

ነባሩ የመዳብ ራዲያተር ተከፍቶ በዘንግ ሊጠረግና እንደገና ሊበየድ ይችላል። በጣት ሲነኩት ክንፎቹ የሚረግፉ ካልሆነ ማስጠረጉን እንመርጣለን፤ ርካሹ አዲስ አሉሚኒየም የፕላስቲክ ጫፉ ከተሰነጠቀ አይበየድም። ክንፎቹ ከረገፉ ግን ለማስጠረግ የሚወጣው ገንዘብ ባከነ። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ግን መፍትሔ አይደለም። በሱሉልታ ብርድ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

መብራት፦ ኤልኢዲ አምፖል ወይስ ሪሌ?

ሪሌ፣ ማለትም ለአምፖሉ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ከባትሪው የሚያቀብል መቀያየሪያ። አንጸባራቂው የተሠራው ለኤች4 ሃሎጅን ክር ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ ሲገባበት ብርሃኑ ይበተናል፤ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፣ ለራስ ግን መንገዱን በደንብ አያሳይም። የደበዘዘ መብራት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ሽቦ ነው። ባትሪው ላይ 13.5 ቮልት እያለ አምፖሉ ላይ 11.5 ብቻ ከደረሰ ብርሃኑ በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሁለት ባለ 30 አምፔር ሪሌ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ባትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ በግማሽ ቀን ይገጠማሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንድ ነገር ይወቅ፦ በዚህ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጌቲቩን ነው። እንደ ሌላ መኪና ከተገጠመ ሪሌው አይሠራም።

ለተጨማሪ ፓውዛ ብሎ ከቤንዚን መኪና የወጣ ትልቅ ዲናሞ መግጠም አደገኛ ነው። የዚህ ናፍጣ ሞተር ዲናሞ ከጀርባው የቫኩም ፓምፕ አለው፤ ለፍሬን ማገዣው አየር የሚስበው እሱ ነው። ፓምፕ የሌለው ከገባ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል።

ጎማ

205 አር 16 ዲያሜትሩ 73 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 31 በ10.5 አር 15 ደግሞ 78 ይጠጋል። ትልቁ ቸርኬ ያስቀይራል፣ ማርሹንም በ6 በመቶ ያከብዳል፤ ቆጣሪው 60 ሲያሳይ መኪናው 64 ገደማ ይሄዳል። ለ2ኤል ዳገት ላይ ይህ ብዙ ነው። ለዋልካ ጭቃ ከስፋቱ ይልቅ ጥርሱ የተራራቀ መሆኑ ይጠቅማል። ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ሞተር፦ 2ኤሉን ማደስ፣ 3ኤል ማስገባት ወይስ ቱርቦ?

በዚህ ከፍታ አየሩ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ የናፍጣ ፖምፓ የሚሰጠው ናፍጣ ሁሉ አይቃጠልም። ጥቁር ጭስ የሚተፋና ጉልበት ያነሰው ሞተር መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹና ፖምፓው ይመርመሩ። ብዙ ጊዜ ሞተር መግዛት የቀረው እዚህ ነው።

ማደስ ወይም መቀየር የግድ ከሆነ 3ኤልን እንመርጣለን። 2,446 ሲሲ የነበረው 2,779 ይሆናል፣ ሞተሩም በዚያው ካምቢዮ ላይ ይታሰራል። ቱርቦውን ግን አንመክርም፤ የ2ኤል ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲሞቅ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል፣ ቱርቦ ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል። ሱማሌ ተራ ያገለገለ 3ኤል ስትገዙ ቀዝቃዛውን ሲነሳ እዩት፤ ያሞቁት ሞተር ጥፋቱን ይደብቃል። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ትንፋሹን አጢኑ፤ ብዙ ጭስ የሚተነፍስ ከሆነ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ካለ ተዉት።

ሞተሩ መኪናው ውስጥ ሳይገባ የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር። ልኩ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተሸጠላችሁ ስንት እንደሄደ ማንም አያውቅም፣ ከተበጠሰም ቫልቮቹ ፒስተኑን ይመታሉ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ የግዢ ሰነዱን ተቀበሉና ለውጡን ከዓመታዊው ምርመራ በፊት አስመዝግቡ።