ምናለሽ ተራ ለቤት ሠሪ፦ በሩን ግዙ፣ ፌሮውን ተዉት

ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ልሠራ ብዬ የአዲስ በርና መስኮት ዋጋ ስጠይቅ የሚቀመስ አልሆነም፣ እና መርካቶ ምናለሽ ተራና እዛ ዙሪያ ያሉትን አሮጌ እቃ ሻጮች ሳስስ ከረምኩ። ሥራው ስላለቀ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እንጨቱ በጣም አሪፍ ነው በእውነት። በ2016 ፒያሳ ቀጥሎ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ያየ ሰው የድሮ ቤት በር ምን እንደሚመስል ያውቃል። እኔ ያገኘሁት ጥድ ነው፣ ላዩ ቀለም በቀለም ተደራርቦ አስቀያሚ ነበር ግን አናጢዬ ጫፉን በመላጊያ ትንሽ ላጥ ሲያደርገው ውስጡ ቀይ ሆኖ ሽታው ገና ዛሬ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ ጥድን ደግሞ ምስጥ አይደፍረውም። አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ በሙጫ የተጨመቀ እንጨት) እኮ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ አልሞላም። ብቻ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉት፣ የድሮ ዘይት ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ለህፃናት መርዝ ነው፣ እያረጠባችሁ ላጡት።

የብረት መስኮት ላይ ግን ንቁ። አንዱ ሻጭ አዲስ የተቀባ አንፀባራቂ ፍሬም ሰጠኝ፣ በያጁ ታችኛውን ጥግ በመዶሻ ኳ ሲያደርገው ስቱኮው ተራግፎ ብረቱ እንደ ወንፊት ሆኖ ወጣ፣ ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ ነው የቀባው! ስንመልስለት ደግሞ ሳቀ። ስለዚህ ያልተቀባውን ዝገቱ የሚታየውን ግዙ፣ ቢያንስ አይዋሽም።

ቆርቆሮ ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት፣ የሚስማር ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታያል። ለአጥር እሺ፣ ለጣሪያ ይቅርባችሁ። 28 ጌጅ (የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ ነው) ካገኛችሁ አትለፉት፣ ከ32 ይወፍራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው።

ፌሮ ግን በፍፁም። ከፈረሰ አርማታ የወጣውን እያቃኑ ይሸጣሉ፣ «ብራዘር ብረት ብረት ነው» ይሏችኋል። ታጥፎ የተቃና ብረት የታጠፈበት ቦታ ላይ ይደክማል፣ ዝገት የበላው ደግሞ ባለ 12 ሚሊ ተብሎ ተሽጦላችሁ 12 ላይሆን ይችላል። ኮለንና ቢም ላይ አዲስ ግዙ፣ ቁጠባችሁን በበሩ አድርጉ።

አሁን በየሆቴሉ ስብሰባ ሰርኩላር ኢኮኖሚ (ያገለገለን እቃ ሳይጥሉ መልሶ መጠቀም) ምናምን ይባላል፣ እነዚህ ሰዎች ከቆራሌው ጋር ሆነው ስንት ዘመን የሠሩት ነው፣ ማንም አልሸለማቸውም እንጂ።

ከ5 ኮከብ 3.5 እሰጣለሁ። የቀነስኩት ለመስኮቱና ለደረሰኙ ነው፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፣ እቃው ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ መልሱ ከተድበሰበሰ ጥላችሁ ውጡ። አናጢና በያጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ የጫኝ አውራጅ ሒሳብ ደግሞ እቃው አይሱዙው ላይ ሳይወጣ ተነጋገሩ፣ ከወጣ በኋላ ዋጋ ቆራጮቹ እነሱ ናቸው።