የጠባሴው ኳስ ቤት እና የኅዳር 19ኙ የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ጨዋታ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሚጫወቱት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ ሚሮጥበት) የት ነው ሚታየው ላለኝ ሰው እኔ ማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ጠባሴ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለው ኳስ ቤት። ስሙን አልጠራም፣ ማመሰግነውም ምወቅሰውም ነገር ስላለ፣ የሰፈሩ ሰው ግን ከፊት ትልቅ አዳራሽ ከጀርባ ደግሞ በኮምፔንሳቶ የተከፈለች ጠባብ ክፍል ያለው ካልኩት ያውቀዋል። አሁን ምጽፈው ኅዳር 19 ቅዳሜ ሚሺጋን ኮለምበስ ሄዶ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ስለሚጫወት ነው። ገና ነው እንዳትሉ፣ ቤቱን ሚያሰራው ልጅ 15 ሰው ካመጣችሁ ትልቁን አዳራሽ ለናንተ እለቃለሁ ብሎናል፣ አምና ደግሞ 8 ነበርን።

ነገሩ ሰዓቱ ነው። ይሄ ጨዋታ ልማዱ እዛ ቀትር ላይ መጀመር ነው፣ በኅዳር የነሱ ቀትር የኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፣ የፕሪምየር ሊጉ የቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ሚገባው። አርሴናል ወይ ማንቼ ካለበት አዳራሹ ጢም ይላል፣ ልጁም የእለት ገቢው ነውና አልፈርድበትም፣ እኛ ወደ ጀርባ እንገባለን። አምና ኅዳር 20 እንደዛ ሆነን ነው ያየነው። ኮምፔንሳቶ ድምፅ አይከለክልም፣ በዛ በኩል ጎል ሲገባ የኛ ክፍል ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፣ እዚህ ደግሞ ኮሜንታተሩ ምን እንዳለ ለመስማት አንገታችንን ወደ ስፒከሯ አስግገን ነው የቆየነው። ይሄ የቤቱ ትልቁ ጉድለት ነው፣ እና መፍትሄው ሰው መብዛት ብቻ ነው።

እኔ ወደዚህ ጨዋታ የገባሁት በእህቴ ነው። ኮለምበስ ነው ምትኖረው፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ፣ ሀበሻም በብዛት ያለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትደውል ከጀርባዋ ሁልጊዜ ጩኸት አለ፣ ምንድነው እላታለሁ ኳስ ነው ትለኛለች፣ ከዛ አንዴ በቪዲዮ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ አሳየችኝ፣ የሚሺጋን ሳምንት ደርሶ ነበርና ግቢው ውስጥ ያለ ጽሑፍ ላይ ሁሉ ኤም የምትባለዋን ፊደል በቀይ ፕላስተር ኤክስ አድርገውባታል። የጠላታቸውን ስም መጀመሪያ ፊደል እንኳ ማየት አይፈልጉም። ያኔ ነው ይሄ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ስቴዲየማቸው 102,780 ሰው ይይዛል፣ በ1999ኙ ቆጠራ ደብረ ብርሃን ከተማ ጠቅላላ 65 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት፣ ያን ጊዜ የነበረው ከተሜ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ቢገባበት ወንበሩ አይሞላም ማለት ነው። ለተማሪዎች ኳስ! ሚሺጋኖቹ አን አርበር ያላቸው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፣ 107,601።

ወደ ቤቱ ልመለስ። መግቢያ ለፕሪምየር ሊግ 30 ብር ነው፣ ለኛ 50 አድርጎታል፣ አንዳንዱ ቅር ብሎት ነበር፣ እኔ ግን ይገባዋል ባይ ነኝ ምክንያቱም ጨዋታው 15 ደቂቃ ሲባዛ 4 ይባል እንጂ ሰዓቱ በየመሃሉ ስለሚቆም ከ3 ሰዓት በላይ ነው ሚሄደው፣ ምሽት 2 የገባ ሰው ቢፈጥን 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ሚወጣው። ምናየው እህቴ በምትከፍልበት አካውንት ነው፣ የኔን ላፕቶፕ በገመድ ከቲቪው ጋር ያያይዘዋል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ወቀሳዬ። አምና መሃል ላይ ኔቱ መዞር ጀመረ፣ ዞረ ዞረ ዞረ፣ ሲመለስ ጄረማያ ስሚዝ የሚባለው የኦሃዮ ተቀባይ (ሚወረወረውን ኳስ ሚይዝ ተጫዋች) ተችዳውን አስቆጥሮ፣ ማለት ኳሱን ይዞ የተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ገብቶ፣ ጨርሶ እየጨፈሩ ነው። ያንን ሰዓት ልረሳው አልችልም፣ አራት ዓመት ሙሉ በተከታታይ በሚሺጋን ስትሸነፍ ቆይተህ ያቺን ቅጽበት ማጣት ያማል። ልጁ ግን እውነት ለመናገር ሮጦ ነው የመጣው፣ የራሱን ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ከፊት ያለውን ሰው ሁሉ ትቶ እኛ ጋ ቆመ፣ ሌላ ቤት ቢሆን "ኔት ነው ምን ላድርግ" ብሎ ይሄድ ነበር። ዘንድሮ መስመር አስገብቷል፣ ባለፈው ሄጄ ሞክሬዋለሁ፣ አልዞረም። መብራት ከሄደ ጀነሬተር አለ፣ ድምፁ ይረብሻል ግን ይሰራል።

ለማያውቅ ሰው ደግሞ ይሄ ቤት ከሁሉ ጥሩ ነው ምልበት ምክንያት ሰሌዳዋ ናት። ልጁ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሜዳውን ስሎታል፣ 11 ለ 11 እንደኛው ኳስ፣ 4 ሙከራ አለህ በነዚህ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ከሄድክ እንደገና 4 ይሰጥሃል፣ ካልሄድክ ኳሱ የነሱ ነው፣ ተችዳውን 6፣ ከዛ በእግር ካገባህ ተጨማሪ 1፣ ፊልድ ጎል፣ ማለት ተችዳውን ሳይኖር ኳሱን በእግር መትተህ በቋሚዎቹ መሃል ካሳለፍክ፣ 3። ይሄን ብቻ የያዘ ሰው ጨዋታውን ያያል። አምና ኳሱን በዓይኑ አይቶት ማያውቅ አንድ ተማሪ ሁለተኛው ኳርተር ላይ ከኛ እኩል ይጮህ ነበር።

ምግቡ። እትዬ ናቸው ሚያዘጋጁት፣ የልጁ እናት፣ ኅዳር 15 ጾም ስለሚገባ ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ጾም ነው፣ ግን ተጋቢኗቸው ለብቻው መምጫ ነው፣ የሸክላዋ ድስት እየተንተከተከች ነው ጠረጴዛ ላይ ምትደርሰው። የባቄላ አሹቅ አለ፣ የገብስ ቆሎ አለ፣ የጦስኝ ሻይ በትልቅ ብርጭቆ፣ እሱን ሳልጠጣ ሁለተኛውን አጋማሽ አልጀምርም። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ 2,800 ሜትር ላይ በኅዳር ሌሊት ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጦ 3 ሰዓት ቀላል አይደለም፣ ከሰል ምድጃ ያስገባሉ ግን አንድ ብቻ ነው ለሁሉም አይዳረስም፣ ጋቢ ይዛችሁ ኑ፣ ባና ያለው ባናውን። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፣ ይሄ መስተካከል አለበት፣ በተለይ ለትልልቅ ሰው።

ትልልቅ ሰው ስል አንድ ጋሼ አሉ፣ ኮለምበስ ታክሲ ሲነዱ ኖረው የተመለሱ፣ ከምድጃው ጎን ሚቀመጡ። የበረዶውን ጨዋታ እሳቸው ናቸው የነገሩን። በፈረንጅ 1950 እዛው ኮለምበስ እንዲህ ያለ የበረዶ ማዕበል ውስጥ ተጫወቱ፣ ማንም ወደፊት መሄድ አልቻለም፣ ሁለቱ ቡድን ተደምሮ 45 ጊዜ ኳሱን በእግር ጠልዘው ለተጋጣሚ ሰጡ፣ ሚሺጋን በጨዋታው ሙሉ በ4 ሙከራ 10 ያርድ አንዴም ሳይሞላ 9 ለ 3 አሸንፎ ወጣ። እኛ ጋቢ ለብሰን ይሄን ስንሰማ ብርዱ ቀለለን። የድንበሩንም ነገር አውርተውናል፣ በ1835 እና 36 ሁለቱ ክልሎች ቶሌዶ የምትባል ከተማ ያለችበትን መሬት ይገባኛል ብለው ጦር አሰልፈው እንደነበር፣ መሬቱ ለኦሃዮ እንደቀረ። ጠቡ ከኳሱ በፊት የነበረ ነው እንግዲህ፣ ኳሱ የጀመረው በ1897 ነው።

ዘንድሮ ማን ያሸንፋል? እኔ ኦሃዮ እላለሁ፣ እና ምክንያቴ እህቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም። አምና ሜዳቸው ድረስ ሄደን በበረዶ ውስጥ 27 ለ 9 ነው ያሸነፍናቸው፣ አንድም ተችዳውን አላስቆጠሩም፣ 9ኙ ሶስት ፊልድ ጎል ነው። ስሚዝ ዘንድሮ ሶስተኛ ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በኋላ ወደ ፕሮፌሽናሉ መሄድ ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ በዚህ ማሊያ ኮለምበስ ላይ ሚሺጋንን ሚገጥምበት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ሚሺጋን ደግሞ አዲስ አሰልጣኝ አለው፣ ካይል ዊቲንግሃም፣ ዩታን ከ20 ዓመት በላይ ያሰለጠነ ሰው፣ ቡድኑ ጠንካራ ግጭት ሚወድ ነው፣ ይሄ ያሳስበኛል። ከሁሉ በላይ ግን ሚያሳስበኝ 2024 ነው። ያኔ ኦሃዮ በአገር አቀፉ ደረጃ 2ኛ ነበር፣ ሚሺጋን አምስት ጊዜ ተሸንፎ የመጣ ደረጃ የሌለው ቡድን ነበር፣ እዛው ኮለምበስ ላይ፣ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ሲቀር ፊልድ ጎል አግብተው 13 ለ 10 ሄዱ፣ ከዛ ባንዲራቸውን ሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሉ ተደባደቡ። እና ያው ኦሃዮ ከዛ በኋላ ተነስቶ የአገሪቱን ሻምፒዮና በላ! ስለዚህ ደረጃ አይታችሁ ውጤቱ ታውቋል ብላችሁ እንዳትቀሩ፣ በዚህ ጨዋታ ደረጃ አይሰራም። እኔ 24 ለ 17 ብያለሁ።

እና ለመምጣት ያሰባችሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፣ ከአዳራሹ ሰው በፊት 15 መሆናችንን ልጁ ቆጥሮ ማየት አለበት። ቀይና ግራጫ ያለው ይልበስ፣ ሚሺጋን ሚደግፍ ካለም የበቆሎ ቢጫውን ለብሶ ይምጣ ማንም ክፉ አይናገረውም፣ አምና አንድ ብቻውን ነበር አሳዘነን። ስታመሹ ባጃጅ ስለማይገኝ በሰፈር በሰፈር ተሰባስባችሁ ምትመለሱበትን ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ የቀበሌ 09 ልጆች ከኔ ጋር መሄድ ትችላላችሁ። ቦታ በፈለጋችሁት ያዙ፣ ከምድጃው ጎን በግድግዳው በኩል ያለችውን ግን ተዉአት፣ እሷ መደገፊያ ስላላት የጋሼ ናት።