ልጃችንን ቤቷ ውስጥ ላከሙልን ሰዎች ምስጋና (ለሲያትልና አካባቢዋ ወላጆች)

በሲያትል፣ በሬንተን፣ በኬንትና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን ጽሁፍ ለማውጣት ከባለቤቴ ጋር አንድ ወር ሙሉ ስንመካከር ቆይተናል። "ገበናችንን አደባባይ ማውጣት አይሆንም ወይ?" ብላ ነበር። በመጨረሻ ጻፍኩትና ለልጃችን አነበብኩላት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣችኝ፣ የቀረውን "ይሁን" አለች። ስሟን አልጽፍም። የ14 ዓመት ልጅ ናት።

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት መብላት ተወች። ከክፍሏ መውጣትም ተወች። እኛ የጉርምስና ነው አልን። ጠበል ወሰድናት፣ ስልኳን ቀማናት፣ ተቆጣናት። አንድ ማክሰኞ ኤርፖርት ሰው አድርሼ ስመለስ የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ደውላ "አሁኑኑ ና" አለችኝ። ልጄ መኖር እንደማትፈልግ ነግራታለች።

ኢመርጀንሲ ወሰድናትና አራት ቀን እዚያው ቆየን። የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ አልጋ እስኪገኝ ጠብቁ ነበር የተባልነው። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። በሩ ላይ ጥበቃ ተቀምጧል፣ የጫማዋ ማሰሪያ ሳይቀር ተወስዷል። የሆስፒታሉን ስም አላነሳም፤ ነርሶቹም የሚችሉትን ያህል ደክመዋል። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መኪናዬን ላነሳ ወጥቼ ስመለስ፣ ሐኪሙ ለባለቤቴ የሚናገረውን ልጄ ራሷ ስትተረጉምላት ሰማሁ። "ማማ፣ ልጅሽ ራሷን ልትጎዳ ትችላለች ነው የሚልሽ" ትላታለች። ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው። አስተርጓሚው ገና አልደረሰም ነበር።

በአራተኛው ቀን አልጋ ተገኘ ተባለ፤ ስፖኬን። ተራራውን ተሻግሮ ከአራት ሰዓት በላይ መንገድ። ያን ቀን አንዲት ሶሻል ወርከር ኮሪደር ላይ አስቁማኝ "ስለ ዋይዝ የነገራችሁ ሰው አለ?" ስትል ጠየቀችኝ። ማንም አልነገረንም። ዋይዝ ልጆችን ቤታቸው ድረስ መጥቶ የሚያክም የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ነው። ሐኪሞቹ እንደገና መርምረዋት፣ ቤት ውስጥ በቅርብ ክትትል መቆየት እንደምትችል ሲያረጋግጡ ይዘናት ወጣን። ዋይዝ እስኪጀምር ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ በመሀሉ የካውንቲው የወጣቶች ቀውስ ቡድን ቤታችን እየመጣ ያያት ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ፈርቻለሁ። የመንግሥት ሰው ቤቴ የሚገባው ልጄን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ነበር። ብዙዎቻችን የምንፈራው ይህንኑ ነው። የመጡት አስተባባሪዋ፣ ቴራፒስቷ፣ "የወጣት አጋር" የሚሏት አንዲት ወጣትና "የወላጅ አጋር" የምትባል አንዲት እናት ናቸው፤ አስተርጓሚም ይዘው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ልጃችሁ ምን ላይ ጎበዝ ናት?" የሚል ነበር። አራት ቀን ሆስፒታል ስንቀመጥ ይህን የጠየቀን የለም። ባለቤቴ አለቀሰችና "ዳቦ ትጋግራለች" አለች።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ያቺን የወላጅ አጋር ነው። ሐበሻ አይደለችም። የራሷ ልጅ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለፈ፣ እሷም እንደኛ ኢመርጀንሲ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያደረች ናት። ለዚህ ሥራ የሚቀጠሩትም በዚህ መንገድ ያለፉ ወላጆች ናቸው። ባለቤቴ ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሷ ነገረቻት። በሦስተኛው ጉብኝት ላይ በረካው ሳይጠጣ አትነሳም ነበር። "ማነው የሚከፍላችሁ?" ብዬ በጥርጣሬ ስጠይቃት ታሪኩን አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የሜዲኬድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጠው የጤና መድን) ካርድ ያላቸው ልጆች፣ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ተጠርተው፣ የዋሽንግተንን ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት አቆሙት። ቤታቸውና ሰፈራቸው ሆነው መታከም ሲችሉ አገልግሎቱ ስለሌለ ብቻ ሆስፒታልና ተቋም እየገቡ ነበር። በ2013 በስምምነት አለቀ። በዚያው ስምምነት ዋይዝ በ2014 ተጀምሮ በ2018 በ39ኙም ካውንቲዎች ተዳረሰ። የእኔ ልጅ ዛሬ አልጋዋ ላይ የምታድረው የማላውቃቸው ወላጆች ያኔ ዝም ስላላሉ ነው።

ቡድኑ "በዙሪያችሁ ማን አለ?" ብሎ ጠየቀና ሁለት ሰው ጨመርን። አንደኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። ጠበሉንም ክኒኑንም አብራ እንድትወስድ፣ መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር መሆኑን እሳቸው ሲነግሯት እፎይ አለች፤ እኔ ብናገረው አትሰማኝም ነበር። ሁለተኛዋ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ስብሰባው ላይ "እኔስ ሥራዬ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ አብራችሁ መጋገር" ተባሉ። እስካሁን አንድ ቅዳሜ አላጓደሉም።

ማቀዝቀዣችን ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ሲብሳት ማን ምን እንደሚያደርግ ራሷ በእጅ ጽሑፏ ያሰፈረችው ነው። "ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ ካልኩ በሩ ገርበብ ይበል" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "አባዬ ዝም ብሎ አጠገቤ ይቀመጥ፤ ምክር አይስጠኝ" ይላል። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁሉ፣ የእኔም የደም ግፊት ክኒን ጭምር፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ገባ። ቁልፉን ባለቤቴ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች።

በየካቲት አንድ ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ ባሰባት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልን። ስልኩን ያነሳችው የማታውቃት እንግዳ አልነበረችም፤ ቴራፒስቷ ራሷ ናት። ከወጣት አጋሯ ጋር ሆነው ቤታችን መጡ። እስኪደርሱ እኔ ከአልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ አንድ ቃል ሳልናገር። በሕይወቴ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ሊነጋ ሲል እጇን አውርዳ ትከሻዬ ላይ አደረገችው። በማግሥቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ኢመርጀንሲም ግን አልሄድንም።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር አልልም። መሀል ላይ አስተባባሪዋ ተቀየረችና ልጄ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘግታ ነበር። ሕመሙም ፈጽሞ ለቋት አልሄደም። ሆስፒታል አያስፈልግም ማለቴም አይደለም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወደዚያው መሮጥ ነው። የምለው፣ ሌላ መንገድ ያለ መሆኑን ሳናውቅ ልጆቻችን በሩቅ አገር አልጋ ላይ እንዳይቀሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እኛ ግን በሐፍረት ስንደብቅ ቆይተናል።

ለሚያስፈልጋችሁ፦ ስሙ ዋይዝ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደብሊው፣ አይ፣ ኤስ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል። አፕል ሄልዝ (የዋሽንግተን ሜዲኬድ ማለት ነው) ላላቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑና ከባድ የአእምሮ ጤና ችግር ላለባቸው ልጆች በነፃ ነው። ከ19 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የቤተሰቡ ገቢ ከተፈቀደው ካላለፈ፣ የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረውም አፕል ሄልዝ ያገኛል። ሐኪም እስኪልካችሁ አትጠብቁ፤ ወላጅ ራሱ ማመልከት ይችላል። ልጃችሁ 13 ዓመት ከሞላው ለሕክምናው ራሱ መፈረም እንደሚችል እወቁ። እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን የራሷ ፊርማ ያለበትን ነገር ጠብቃ እንደምትይዝ አየሁ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ እባካችሁ ልጁን ራሱን አታስተርጉሙ። ነገሩ ዛሬ ማታ ከሆነ ወደ ቀውስ መስመሩ 988 ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

የወላጅ አጋራችን ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም። አስተባባሪዎቻችን፣ ቴራፒስታችን፣ እህት ሆነሽ ከልጄ ጋር በዝናብ ስትመላለሺ የከረምሽው የወጣት አጋር፣ አባታችን፣ እማማ፣ ኮሪደር ላይ ያስቆመችኝ ሶሻል ወርከር፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

ውስጥ ለውስጥ መጠየቅ የምትፈልጉ ጻፉልኝ። እናቶች ከባለቤቴ ጋር ማውራት ትችላላችሁ፤ በአማርኛም በትግርኛም ታነጋግራችኋለች። ማን እንደጠየቀ ከእኛ ቤት አይወጣም።