ስምንት በ42 ባይኖኩላር በስዊፍቶች ሲፈተን

ባይኖኩላር የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ወደ ተቀመጠች ወፍ ወይም በሩቅ ወዳለ ጽሑፍ ያነጣጥራል። እኔ ግን ስምንት እጥፍ የሚያቀርበውንና የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነውን ይህን መሣሪያ የፈተንሁት ከዚያ በከበደ ሥራ፣ ማለትም ስዊፍት ከሚባሉት ፈጣን በራሪ ወፎች መካከል ተራውን ስዊፍት ከፈዛዛው ስዊፍት በመለየት ነው። በሳይንሳዊ ስማቸው አፑስ አፑስና አፑስ ፓሊደስ የሚባሉት እነዚህ ወፎች በመጠን፣ በማጭድ መሰል ክንፋቸውና በአበራረራቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ሳይቀሩ ብዙ ጊዜ «ከሁለቱ አንዱ» ብለው መዝግበው ያልፋሉ።

ልዩነቱ በአመዛኙ የቀለም ጥልቀት ጉዳይ ነው። ተራው ስዊፍት ከአገጩ ሥር ካለችው ትንሽ ነጣ ያለች ምልክት በስተቀር መላ አካሉ ጥቁር ቡናማ ነው። ፈዛዛው ወደ አፈርማ ቡናማ ያደላል፤ የጉሮሮው ነጭ ሰፋ ይላል፣ ግንባሩ ስለሚነጣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ጥቁረት እንደ ጭምብል ጎልቶ ይታያል፣ የሆዱ ላባዎች ጠርዝም ነጣ ስለሚል የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ንድፍ ይኖረዋል። ከሁሉ የሚጠቅመኝ ግን ክንፉ ነው፦ የጫፎቹ ረጃጅም ላባዎች ጠቆር፣ ወደ ሰውነቱ የሚጠጉት ደግሞ ፈዘዝ ስለሚሉ በአንድ ክንፍ ላይ ሁለት ቀለም ይታያል። የክንፉ ጫፍ መደነዝና የጅራቱ መሰንጠቅ ማነስም ይጠቀሳሉ፤ በእኔ ግምት ግን በፍጥነት በምትበር ወፍ ላይ ብቻቸውን የሚታመኑ አይደሉም።

እንግዲህ ጥያቄው ባይኖኩላሩ ጥቁሩን ጥቁር፣ ቡናማውን ቡናማ አድርጎ ያሳያል ወይ የሚለው ነው። ፀሐይ ከኋላዬ ሆና ወፎቹ ከጨለማ ገደል ፊት ሲያልፉ መልሱ አዎ ነበር፤ በምስሉ መካከል የክንፉ ሁለት ቀለም ያለ ጥርጥር ተለይቶ ታይቶኛል። ፀሐይ ወደ ምመለከትበት አቅጣጫ ስትጠጋ ግን በመሣሪያው ውስጥ የሚበተነው ብርሃን በምስሉ ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ስለሚነጠፍ ጥቁሩ ተራ ስዊፍት ራሱ ቡናማ ይመስላል፤ ይህም ለዚህ ሥራ ከባድ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም የሌለውን ፈዛዛ ስዊፍት የሚፈጥረው መሣሪያው ነው። በምስሉ ዳር ደግሞ ደማቅ ሰማይ ላይ የክንፉን ጠርዝ የሚከተል ሐምራዊ መስመር አለ፤ ወፏን መሃል ላይ ማቆየት የቻለ ሰው ግን ብዙም አይቸገርበትም።

አሥር እጥፍ የሚያቀርብ ይሻል ነበር ለሚሉኝ አልስማማም። ከመሣሪያው ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት 42ን ለማቅረቢያው ቁጥር በማካፈል ይገኛል፤ በዚህኛው 5.25 ሚሊሜትር፣ በአሥር እጥፉ 4.2 ሚሊሜትር ነው። ስዊፍትን ለመከተል አንገትና ክንድ አብረው ሲወናጨፉ ይህች ልዩነት ምስሉ ከዓይን እንዳያመልጥ ታግዛለች፤ በስምንት እጥፍ የሚገኘው ሰፋ ያለ እይታም ወፏን ቶሎ ለማግኘት ይረዳል። ምስሉን የሚያጠራው መዘውር ግን ዘገምተኛ ነው፤ ወፏ ከሩቅ ወደ ራሴ በላይ ስትመጣ ጣቴ ሳይደርስባት ብዙ ጊዜ አልፋለች።

መሣሪያው ምንም ያህል ቢጠራ የማይፈታው ነገርም አለ። የተራው ስዊፍት ታዳጊዎች ሰፊ ነጭ ጉሮሮና ነጣ ያለ የላባ ጠርዝ ስላላቸው ፈዛዛውን መስለው ያሳስታሉ። እዚህ ላይ የሚረዳው ጆሮ ነው፤ የፈዛዛው ጩኸት ወፈር ያለና መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚል ሲሆን የተራው ቀጭንና ስል ነው። ወቅቱም ይረዳል፦ ፈዛዛው ብዙ ጊዜ በዓመት ሁለቴ ጫጩት ስለሚያሳድግ፣ አንዴ ብቻ የሚያሳድገው ተራው ስዊፍት ከሄደ በኋላም ጎጆው አካባቢ ይቆያል።

ባይኖኩላሩን አልመለስሁትም። ፀሐይ ከፊቴ ሆና በእርሱ ያየኋትን ፈዛዛ ስዊፍት ግን አንዷንም አልመዘግብም።