«ብላክ ቦክስ» ኢንሹራንስ በእንግሊዝ አገር፦ ለየትኛው ወጣት ሹፌር ያዋጣል?

«ብላክ ቦክስ» አነዳዳችሁን በሚመዘግብ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ የመኪና ኢንሹራንስ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ትንሽ መኪና ይዞ ቀን ቀን ለሚነዳ የ18 ዓመት ልጅ ያዋጣል። ቸርኬ ቀይሮ፣ ማርሚታ አስተካክሎ ሌሊት ለሚዞር ግን ገንዘብ መጨረሻ ነው።

መሣሪያው ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ይሰካል፣ በሽቦ ከባትሪ ጋር ይታሰራል፣ ወይም ስልክ ላይ በሚጫን አፕ ይሠራል። ፍጥነትን፣ ድንገተኛ ፍሬንን፣ ኩርባ ላይ ያለውን አያያዝ፣ ሰዓቱንና ማይሉን ይመዘግባል። ደካማው አፑ ነው፤ የስልኩ ባትሪ ካለቀ ጉዞው ሳይመዘገብ ይቀራል፣ በሰው መኪና የሄዳችሁበትንም እናንተ የነዳችሁት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ዓረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው) እንዲቀንስ በዓመት የምትነዱትን ማይል አሳንሶ መሙላትም አያዋጣም፤ የሞላችሁት ማይል ሲያልቅ ተጨማሪ ማይል መግዛት ይመጣል።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ኩባንያው «መኪናው ላይ የተለወጠ ነገር አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ላይ ነው። ብዙ ልጆች ጥያቄው ስለ ሞተር ብቻ ይመስላቸዋል። ቸርኬ፣ ዝቅ ያለ ሞላ፣ መስታወት የሚያጠቁር ላስቲክ፣ ተጎታች መሳቢያ፣ የሞተሩን ኮምፒዩተር ፕሮግራም ማስቀየር፣ ሁሉም ይነገራል። የቀድሞው ባለቤት የሠራውም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙ የጎማውን ቁጥር ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር አስተያዩ። ላስቲክ ላይ ደግሞ ማሳወቅ ብቻውን አያድንም፦ የፊት በሮች መስታወት ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን ካላሳለፈ ሕገ ወጥ ነው።

ሳይነገር ቢቀርስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ቸልተኝነትን ከማታለል ይለያል። በቸልተኝነት ከሆነና ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ የሚያደርገው ዋጋ መጨመር ብቻ ከነበረ፣ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል፦ 1,800 ፓውንድ መክፈል ሲገባው 1,200 የከፈለ ሰው ለ6,000 ፓውንድ ጉዳት የሚያገኘው 4,000 ነው። ሆን ብሎ የደበቀ ከሆነ ውሉ ከመነሻው ይፈርሳል፣ ዓረቦኑም ላይመለስ ይችላል። ለተጎዳው ሦስተኛ ወገን የተከፈለውንም ኩባንያው ከልጁ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ደውሉ፤ አዲሱን ዋጋና ውሉን ለማስተካከል የሚያስከፍሉትን ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። አንዳንዱ ብላክ ቦክስ ሻጭ የተነካካ መኪና ጨርሶ አይቀበልም፤ ይህን ከግዢ በፊት ማወቅ ይሻላል። ውሉን ከያዛችሁ በኋላ ሐሳብ ለመቀየር 14 ቀን አላችሁ፣ የመሣሪያው ማስገጠሚያ ግን ሊቆረጥ ይችላል።

መኪናውን በዋናነት የሚነዳው ልጁ ሆኖ ሳለ ኢንሹራንሱን በአባት ስም ገዝቶ ልጁን «አልፎ አልፎ የሚነዳ» ማስባል፣ በእኛ ሰፈር የተለመደ ቢሆንም፣ ማጭበርበር ነው። አባትን ሁለተኛ ሹፌር አድርጎ በእውነት ማስመዝገብ ግን ይፈቀዳል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋ ይቀንሳል።

መሣሪያው ደጋግሞ ፍጥነት ካሳየ ኩባንያው ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ስለሚመጣ ሳይታይ እንዳያልፍ። ከተሰረዘ በኋላ ሲነዳ የተያዘ ሰው 300 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ ይጠብቀዋል፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ደግሞ 6 ነጥብ ማለት ፈቃዱ ተነጥቆ እንደገና መፈተን ነው።